ሚዲያን ቀጠሮ አይደለም

የኢንጂነሪንግ ዲግሪ ካለህ ለቤተሰብህ የሒሳብ ማሽን ነህ። ዋይፋይ ሲቋረጥ እኔ፣ የባንክ ወለድ ሲሰላ እኔ። አምና ደግሞ የአክስቴ የምርመራ ወረቀት በቴሌግራም መጣልኝ። የጨጓራ ካንሰሯ ተሰራጭቷል፤ የመጀመሪያው ኬሞ መሥራት አቁሟል፤ ሐኪሙ ሌላ ኬሞ መሞከር እንደሚቻል ለቤተሰቡ ነግሯል። ከሥሩ ሴት ልጇ «ስንት ጊዜ አላት? አንተ አስላልን» ብላ ጽፋለች።

ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ገንዘቡን ለመድኃኒት እናውጣው ወይስ ደብረ ማርቆስ እህቶቿ ጋ እንውሰዳት?

ቁጥር እንደሆነ አለ። ውጤቱ በ2014 የታተመ ኩጋር-02 የተባለ የእንግሊዝ ጥናት፣ የመጀመሪያው ኬሞ ያልያዘላቸውን 168 የጨጓራና የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት መደባቸው። ዶሴታክሴል የወሰዱት የኖሩበት ጊዜ ሚዲያን 5.2 ወር፣ ማስታገሻ ሕክምና ብቻ ያገኙት 3.6 ወር ሆነ።

ግን ሚዲያን ምንድነው? ሰዎቹን በኖሩበት ጊዜ ከአጭር ወደ ረጅም ብታሰልፏቸው መሐል ላይ የሚቆመው ነው። ግማሹ ከዚያ በፊት ሄዷል፤ ግማሹ ከዚያ አልፎ ኖሯል። 5.2 የማንም ቀጠሮ አይደለም።

የትንበያ ሞዴሎች ትንሽ ሻል ይላሉ። ሄሞግሎቢንን፣ አልቡሚንን፣ የመጀመሪያው ኬሞ ስንት ወር እንደያዘ፣ ካንሰሩ የት እንደደረሰ ያያሉ። እምብዛም የማይቀረው ግብዓት ግን ከ0 እስከ 4 የሚሰጥ የአቅም ደረጃ ነው፦ ትራመዳለች? ራሷን ታጥባለች? ከቀኑ ከግማሽ በላይ ተኝታ ታሳልፋለች? ይህንን የምታውቀው አጠገቧ የምታድረው ልጇ እንጂ የኔ ኮድ አይደለም። ሁሉም ተሞልቶም ሞዴሉ የሚናገረው እንደ እሷ ስላሉ ብዙ ሰዎች ነው፤ ስለ እሷ ብቻ አይናገርም።

ስለዚህ ወር አልላክሁም። ይህንን ሁሉ ጽፌ «ራሷን ጠይቃችኋታል?» አልኩ። አልጠየቋትም፤ መድኃኒቱ መሥራት ማቆሙንም አልነገሯትም ነበር።

ሲነገራት ስለ ወር አልጠየቀችም። ደውላ «ልጄ፣ ሕመሙን ይቀንስልኛል ወይ?» አለችኝ። ለዚህ እንኳ ጥናቱ መልስ አለው፦ ዶሴታክሴል የወሰዱት ከሌሎቹ ያነሰ ሕመምና ማቅለሽለሽ እንዳላቸው ተናግረዋል፤ ነጭ የደም ሕዋስ ክፉኛ መውረድ ግን በእነሱ ላይ በዝቷል። ሁለቱንም ነገርኳት።

ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያው ሁለት ዙር ልሞክረው» አለች። «ካልተስማማኝ አገሬ ትወስዱኛላችሁ።»