በእርሳስ የተጻፈ ልክ

በአሮጌ የአጭር ሞገድ ራዲዮ ሰሌዳ ላይ «10» የሚለው ቁጥር የታተመው ራዲዮው ከፋብሪካ ሳይወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ብረቱ ስንት ጊዜ ሞቆ ቀዝቅዟል፤ ቫልቮቹ ደክመዋል፤ በሰም የተነከረው የኮንደንሰሩ ወረቀት እርጥበት ጠጥቷል። መርፌዋ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ዛሬም «10 ላይ ነኝ» ትላለች። እንዲህ ያለችውን መርፌ ከእውነቱ ጋር ማስታረቅ የቅዳሜ ከሰዓት ሥራዬ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። በምኖርበት በሜሪላንድ የአማተር ራዲዮ ፈቃድ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከማውራት መጠገን፣ ከመጠገንም ማዳመጥ ይቀናኛል።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ አንዲት ሃሊክራፍተርስ ኤስ-38 ነው። ሃሊክራፍተርስ የቺካጎ ኩባንያ ነበር፤ ይህችን ሞዴል ጦርነቱ ባበቃ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ለገበያ አቀረባት። መልኳን የነደፈላት ስመ ጥሩው ሬይመንድ ሎዊ ነው። ስድስት ቫልቭ ብቻ ያላት፣ ከ540 ኪሎኸርዝ እስከ 32 ሜጋኸርዝ የምትቀበል፣ ለተማሪ ኪስ የማትከብድ ራዲዮ ስለነበረች ብዙ አሜሪካዊ አማተር የሩቁን ዓለም መጀመሪያ የሰማው በእርሷ ነው። የማወጋችሁ ራዲዮ የእኔ አይደለችም። የሞርስ ኮድ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ጎረቤቴ ካረፉ በኋላ ልጃቸው ከምድር ቤት አውጥታ አመጣችልኝ። «አባቴ በነበሩ ጊዜ እንደነበረች አድርግልኝ» አለችኝ። «አዲስ አስመስልልኝ» ብላኝ ቢሆን ኖሮ ሥራው ቀላል፣ የሚጻፍም ነገር ባልኖረው ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል ክርክር የለበትም። የስድስቱ ቫልቮች ማሞቂያ ክሮች እንደ ገና ዛፍ መብራት ተከታትለው የተቀጠሉ ናቸው፤ አራቱ 12.6፣ ሁለቱ 35 ቮልት ይፈልጋሉ። ደምሩት፤ 120.4 ይመጣል። የአሜሪካ ግድግዳ የሚሰጠውም ያንኑ ያህል ነው። ብልሃቱ ዋጋ ቀንሷል፤ ነገር ግን ኮረንቲውን ከሰው የሚለይ ትራንስፎርመር ስለሌላት ሻሲው ራሱ ሊነዝር ይችላል። ሻሲውን ከሳጥኑ የሚለዩት ጎማዎች ደግሞ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈራሉ። ጎማዎቹን፣ የኮረንቲ ገመዱን፣ የሰም ኮንደንሰሮቹን በሙሉ፣ እንዲሁም የደከመውን የመቀየሪያ ቫልቭ ለወጥሁ። እዚህ ላይ «እንደነበረች» የሚለው ቃል አይሠራም፤ እንደነበረች ብትቀር ሰው ትገድላለች።

ቀጥዬ ሰሌዳዋን ላጸዳ ጥጥ አነሳሁ። ያን ጊዜ ነው በጠርዙ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የእርሳስ ጭረቶች ያየሁት። ጥጡን መልሼ አስቀመጥሁት።

ከሦስቱ ጭረቶች አጠገብ «ደብልዩ» የሚል ፊደል ተጽፏል፤ አንዱ በ5፣ አንዱ በ10፣ አንዱ በ15 ሜጋኸርዝ አካባቢ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ደብልዩ ደብልዩ ቪ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የሰዓት ጣቢያ ነው። ዛሬ የሚያሰራጨው ከኮሎራዶ፣ ከፎርት ኮሊንስ ነው፤ እስከ 1966 ድረስ ግን ከዚሁ ከሜሪላንድ ነበር። በየሰከንዱ ቷ ይላል፤ በየደቂቃው የወንድ ድምፅ ሰዓቱን ይናገራል። ሞገዱ በአቶሚክ ሰዓት የሚጠበቅ ስለሆነ ለእንደኔ ዓይነቱ ጠጋኝ ከሰማይ የተዘረጋ ቱንቢ ማለት ነው። ሽማግሌው ጣቢያውን ባገኙበት ቦታ ሁሉ ጭረት አኑረዋል፤ አንዱም ግን የታተመው ቁጥር ላይ አልዋለም። ሦስቱም ትንሽ ወደ ግራ ይላሉ።

አራተኛው ጭረት አስገረመኝ። ከ14 ጥቂት አለፍ ብሎ «ደብልዩ» ተጽፎ በላዩ ላይ መስቀለኛ መስመር ተሰርዞበታል። በዚያ ቦታ የሰዓት ጣቢያ የለም፤ የአማተሮች መነጋገሪያ ክልል ነው። መልሱ ያለው ራዲዮዋ በምትሠራበት መንገድ ውስጥ ነው። የምትፈልጉትን ጣቢያ ሁሉ ወደ 455 ኪሎኸርዝ ትለውጠዋለች፤ ይህንንም የምታደርገው በውስጧ ያለው ሞገድ አመንጪ ከጣቢያው በ455 ከፍ ብሎ ስለሚወዛወዝ ነው። ይሁንና ከአመንጪው ሌላ 455 ከፍ ብሎ የሚገኝ ጣቢያም እኩል ይለወጥላታል። ስለዚህ መርፌዋ 14.09 ላይ ስትቆም በ910 ኪሎኸርዝ የሚበልጠው የ15 ሜጋኸርዙ ጣቢያ ሰተት ብሎ ይገባል። በውድ ራዲዮዎች ውስጥ ይህን የሚከላከል ተጨማሪ ማጣሪያ አለ፤ በእርሷ የለም። ጀማሪ ሰው በዚህ ጥላ ይሳሳታል። ሽማግሌው አልተሳሳቱም፤ ጥላውን በስሙ ጽፈው ሰረዙበት።

ሻሲውን ገልብጬ ሳይ ደግሞ የማስተካከያ ብሎኖቹ ላይ የተቀባው የማሸጊያ ቀለም አልተሰበረም። ሰውየው ስህተቱን ያውቁት ነበር። መሣሪያውም ችሎታውም ነበራቸው። የመረጡት ግን እርሳስ ነው።

ያን ጊዜ አባቴ ትዝ አሉኝ፤ በጭረቱ ሳይሆን በጭረቱ አለመኖር። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን፣ እ.ኤ.አ. ከ1982 ወዲህም የአሜሪካ ድምፅን፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ ጆሯቸውን ራዲዮው ላይ አስደግፈው ያዳምጡ ነበር። ሲጨርሱ መርፌዋን መልሰው አገር ውስጥ ጣቢያ ላይ ያቆሟታል፤ ድንገት የገባ ሰው ራዲዮውን ቢከፍት ሌላ ነገር እንዳይሰማ። በቤታችን ራዲዮ ላይ አንዳች ምልክት ኖሮ አያውቅም። ጣቢያው ያለበትን ቦታ የሚያውቁት ጣቶቻቸው ነበሩ። አባቴ ሲያርፉ ያ ልክ አብሯቸው ሄደ፤ ራዲዮውም ተሸጠ።

እንግዲህ ወደ ሥራው። መጀመሪያ የ455ቱን ክፍል አስተካከልሁ፤ ሞገድ አመንጪ አስገብቶ፣ የቴስተሩን ንባብ እያዩ፣ ብሎኖቹን ንባቡ ከፍ እስከሚል በዝግታ ማዞር ነው። ራዲዮዋ ነፍስ ዘራች። ይሁንና ቫልቩ ስለተለወጠ የሰዓት ጣቢያው አሁን የሚሰማው በታተመው ቁጥርም በእርሳሱ ጭረትም ላይ አልነበረም፤ በሁለቱ መካከል ነበር። የአመንጪውን ትሪመር መንካቴ የግድ ሆነ። ወደየት? የሙያው ሥርዓት ወደ ቁጥሩ ይላል። አብሮኝ የሚጠግን አንድ ወዳጄም በዚህ አጥብቆ ተከራከረኝ፤ «ቁጥሩ የሁሉ ነው፣ ጭረቱ የአንድ ሰው ነው» አለኝ። እውነት ነው። እኔ ግን የተጠየቅሁት ስለዚያ አንድ ሰው ነበር።

ግማሽ ሰዓት አሞቅኋት። ብረት አጠገቧ ሲደርስ ሞገዱን ስለሚያዛባ የፕላስቲክ ካቻቢቴ ያዝሁ። የ10ሩን ቷታ ወደ ጭረቱ ሳመጣ የ5ቱ ትንሽ ሸሸ፤ እርሱን ስመልስ ያኛው ሸሸ። ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። የ15ቱ በሌላ ባንድ ላይ ስለሆነ ብቻውን ተቃና። በመጨረሻ መርፌዋን ቀስ ብዬ ወደተሰረዘው ጭረት ወሰድኋት። ጥላው ከነቷታው እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

የሚመጣው ጠጋኝ እንዳይደናገር በሳጥኑ ውስጥ ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ «ይህች ራዲዮ የተስተካከለችው በእርሳሱ ልክ ነው። ወደ ቁጥሩ ለመመለስ ትሪመሮቹን ከሩብ ዙር ያነሰ ማዞር ይበቃል።»

ልጃቸው አንድ ምሽት ልትወስዳት መጣች። ከ4 ሜጋኸርዝ ዝቅ ብላ የተሰመረችውን፣ ፊደል የሌላትን ጭረት አሳይታ ምን እንደሆነች ጠየቀችኝ። ፀሐይ ገብታ ስለነበር መርፌዋን ወሰድሁላት። የቀድሞውን የኤ ኤም አነጋገር የሚወዱ አማተሮች ማታ የሚሰበሰቡበት 3885 ኪሎኸርዝ ነው። ሦስት አረጋውያን በየተራ ያወራሉ፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ አንድ ከባድ ትራንስፎርመር፣ ስለ ጉልበት ሕመም። ልጅቱ በርጩማውን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። በልጅነቷ ላይኛው ፎቅ ተኝታ ይህ ጉርምርምታ ከምድር ቤት እንደሚሰማት፣ ቃሉን ግን ለይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ።

«እባክህ ድምፁን ትንሽ ቀንስልኝ» አለች። «እንዲህ ቅርብ ሆኖ አላውቀውም።»