ሩቅያውም ይቀጥል፣ ሐኪም ቤቱም አይዘግይ



ከጢቾና ከአካባቢዋ ወደ ግቢው የመጣን ተማሪዎች ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነገር አለ። አንድ ወጣት እንቅልፍ ያጣል፣ ከሰው ይሸሻል፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፣ ጎረቤት ሊጎዳኝ ነው ይላል። ቤተሰቡ «ጂን ነው» ወይም «ዓይን ነው» ብሎ ቁርኣን ያስቀራበታል። ካልተሻለው ወደ ሌላ ሸይኽ ይወሰዳል። ወሩ ዓመት ይሆናል። አሰላ ወይም አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ሲደርስ ሕመሙ ጠንቷል፤ አንዳንዴም እጁ ታስሮ ነው የሚሄደው።

ቤተሰብን አንወቅስም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ወጪው ከባድ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ስሙ ያስፈራል። «ማራታ» ከተባለ የእህቶቹ ኒካሕ ሳይቀር ይሰናከላል ተብሎ ይደበቃል።

ችግሩ የእኛ አገር ልጆች ብቻ አይደለም። በቡታጅራ እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ስኪዞፍሬንያ ከተገኘባቸው መካከል ቀድሞ ለሕመሙ መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ሕመሙ ሳይታከም በቆየ ቁጥር ደግሞ ማገገሙ ይከብዳል።

ዲናችን ለዚህ መዘግየት ሰበብ አይሆንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ መታከም ተጠይቀው ታከሙ ብለዋል። በ1284 ካይሮ ውስጥ የተሠራው የሱልጣን ቀላዉን ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ነበረው። ጠዋት ሩቅያ የተቀራበት ሰው ከሰዓት ሐኪም ዘንድ መሄድ ይችላል።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእኛ ዕድሜ ነው፤ በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ። ከወላጅ ስለራቅን ምልክቱን ቀድሞ የሚያየው የዶርም ጓደኛ ነው። ሌሊቱን የማይተኛ፣ ክላስ የተወ፣ ከጀመዓ የቀረ፣ ሁሉን የሚጠራጠር ወንድም ካለ አንሳቅበት፣ አንከራከረውም። የግድ ሳይኮሲስ ነው ማለት አይደለም፤ የሚለየው ሐኪም ነው። «እንቅልፍ ስላጣህ እንታይ» ብለን ወደ ግቢው ክሊኒክ አብረነው እንሂድ። ጫት የሚቅም ከሆነም እንዲያቆም እንርዳው፤ ሕመሙን ያባብስበታል። ለቤተሰቡ ስንደውል «አበደ» ሳይሆን «ታሟል፣ ሕክምና ጀምሯል» እንበል። እህቶችም ለእህቶቻቸው እንዲሁ ያድርጉ።

አላህ ለታመሙት ሺፋ፣ ለቤተሰቦቻቸው ሶብር ይስጥልን። አሚን።