ሳይቃጠል በቅጠል

ዛሬ የምጽፈው ስለ ምርጫ ወይም ስለ በጀት ሳይሆን ስለ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ሙቀት ነው። ነገሩ ግን ከፖለቲካችን እምብዛም የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም።

ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ በተቋረጠ ጊዜ፣ በሐዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኙ የጎረቤቶቼ ልጆች የሚያነቡት አጡ። በቀጣዩ ዓመት ከመታወቂያ ካርድ እምብዛም የማትበልጠውን ራዝበሪ ፓይ 4 ገዛሁ፤ በኪዊክስ አማካይነት ዊኪፔዲያን ጭኜባት፣ በዋይፋይ ብቻ የሚያነቧት፣ ኢንተርኔት የማትሻ ቤተ መጻሕፍት አደረግኋት።

ሌባንና አቧራን ፈርቼም በብረት ሣጥን ቆለፍኋት፤ ሣጥኑን ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ሰቀልሁት። የካቲት ሲገባ ከቀትር በኋላ ገጾቹ አልከፈት አሉ። «ጋሼ፣ ዛሬም ተኛች» ይሉኛል። እኔ ግን ጥፋቱን በልጆቹ ብዛት አሳብቤ፣ ከአምስት በላይ እንዳይጠቀሙ ከለከልሁ።

ሙቀቷን የለካሁት ከሳምንታት በኋላ ነው፤ 83 ዲግሪ ሴልሺየስ! የዚህች ኮምፒውተር ፕሮሰሰር 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ከ1.5 ጊጋኸርትዝ ፍጥነቱ መቀነስ ይጀምራል፤ 85 ላይ ይበልጥ ይገታል። አይጮኽም፣ አይጠፋም፤ ይዘገያል እንጂ። ብረት ሙቀትን እንደሚያሻግር አውቃለሁ፤ ዳሩ ግን ፕሮሰሰሩ ሣጥኑን አይነካውም ነበርና በመካከል የታሰረው አየር እንደ ጋቢ ሸፈነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗም፣ የሳሳው አየሯ ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙ ያነሰ ነው።

ሣጥኑን ከላይና ከታች በሳሁት፤ ቀዳዳዎቹን በወንፊት ሽቦ ጋረድሁ፤ ፕሮሰሰሩ ላይ ክንፋም አልሙኒየም ለጥፌ ሣጥኑን ወደ ጥላማው ግድግዳ አወረድሁት። ሙቀቱ 62 ዲግሪ ላይ ረጋ። ልጆቹም ተመለሱ። አንዷ ግን አልተመለሰችም፤ ከአምስቱ ውጭ ያደረግኋት እኔው ነበርሁ።

ኢንተርኔቱ የተዘጋው ለጸጥታ ነው ተብሎ ነበር፤ በዚያ ሰሞን የሰው ሕይወት መጥፋቱንም አልክድም። እኔም ሣጥኑን የዘጋሁት ለጥበቃ ነው። ጥበቃው ወደ ማፈን መቼ እንደ ተሻገረ ግን መለኪያ ካልያዝን አናውቀውም። የታፈነ ነገር ሁሉ ወዲያው አይነድም፤ አስቀድሞ ይዘገያል፤ እኛም ዝግታውን ስንፍና ብለን እንቀጣዋለን። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እሳቱን አይተው ብቻ አይመስለኝም። ቅጠሉን ከመያዝ በፊት ሙቀቱን መለካት፣ ከመለካትም በፊት «ተኛች» የሚለንን ልጅ መስማት ያሻል።