የጋሽዬ እግር

ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ዘመድ ሲሰበሰብ ምን እንደሚመስል የሚኖርበት ያውቀዋል። ቦሌ አራብሳ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው የእኔ ቤት ሶፋዋ አምስት ሰው ይይዛል፤ ስድስተኛው የአልጋ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ልጆች ደረጃው ላይ ይቀራሉ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሳህን የሚታጠበው ከበርሜል እየተቀዳ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ግድግዳው ነው። እኛ ቤት ሰው ሲያስለው ካደረ ጎረቤቴ ጠዋት "ማን አሞት ነው?" ብላ ትጠይቀኛለች። እንዲህ ባለ ቤት ቡና ይጠጣል፣ ይሳቃል። አሥራ አንድ ዓመት የቆየ ቂም ግን አይወጣም።

የእኛ ቂም የጀመረው በ2004 ዓ.ም. እናታችን ስታርፍ ነው። አምስት ወንድማማችና እህትማማች ነን። "ጋሽዬ" የምንለው ታላቃችን በ1999 ዓ.ም. ለሥራ ብሎ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። እናታችንን ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ያስታመምናት እኔና ታናሽ እህቴ ነን፤ እኔ ከጤና ጣቢያ ሥራዬ መልስ፣ እሷ ደግሞ ሥራዋን ጥላ። ጋሽዬ ለቀብር አልመጣም። ለአርባዋም አልመጣም። "ሥራ አልለቅ አለኝ" ብሎ ለተዝካር የሚሆን ገንዘብ ላከ። እህቴ ገንዘቡን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠችና ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን አላነሳችም። በአገራችን ከሠርግ የቀረ ሰው ይቅርታ ያገኛል። ከእናቱ ለቅሶ የቀረ ልጅ ግን ምን ተብሎ ይማለድለታል?

በ2015 ዓ.ም. ጋሽዬ "ለጥምቀት እመጣለሁ" ሲል እህቴ "እሱ ካለ አራብሳ አልረግጥም" አለች። አዋሽ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ያደግነው አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበርና መንገደኛው አዋሽ ያድር ነበር። አባታችን ይህን እያነሳ "አዋሽ የተቆረቆረችው እንግዳ ለማሳደር ነው" ይለን ነበር። ከፓርኩ አጠገብ ጥቂት ክፍሎች ያሏት፣ ጎረቤት የሌላት፣ የስልክ ኔትወርክ አንዴ መጣ አንዴ ሄደ የሚባልባት ሎጅ እንዳለች ከአንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ሰማሁ። ሁላችንም እንደየአቅማችን አዋጥተን ለሁለት ሌሊት ሙሉዋን ተከራየናት። እህቴን "አራብሳ አይደለም፣ የአባዬ አገር ነው" አልኳት። እምቢ ማለት አልቻለችም።

እንግዳ መቀበል ለነርስ ዋርድ እንደመረከብ ነው፤ መጀመሪያ የምትጠይቀው "በጣም የደከመው ማነው?" ብለህ ነው። እኔም ከምግቡ በፊት የአሥራ ሰባታችንን ጤና ጻፍኩ። ሦስቱ የደም ግፊት፣ ሁለቱ ስኳር፣ አንዷ ነፍሰ ጡር። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ ወባ አለ፤ በጥርም ቢሆን ቀኑ ያቃጥላል። አጎበር በየአልጋው መኖሩን በስልክ አጣራሁ። ጉልበት ለሚያማቸው ለመመገቢያው ቅርብ የሆኑትን ክፍሎች ያዝኩ። ለኢንሱሊን በረዶ የሚይዝ ትንሽ ሳጥን፣ ለተቅማጥ ኦአርኤስ፣ የግፊትና የስኳር መለኪያ፣ ፋሻና ጓንት አስገባሁ። በጉና እንጀራው ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነው።

ከአራብሳ ማለዳ ተነስተን በቱሉ ዲምቱ ወደ ፈጣን መንገዱ ገባን። አዳማን፣ ወለንጪቲን አለፍን። መተሐራ ስንደርስ በልጅነታችን ትንሽ ኩሬ የነበረው የበሰቃ ሐይቅ ሰፍቶ የመንገዱ ዳር ድረስ መጥቷል። ጋሽዬ ከኋላ ወንበር "ይኼ ሁሉ ውኃ ከየት መጣ?" አለ። ከፊት የተቀመጠችው እህቴ አልዞረችም። ጠዋት ስትሳፈር "እንደምን አሉ?" ብላው ነበር። ልጆች ሳለን ጀርባው ላይ ያዘላትን ወንድሟን "አንቱ" አለችው! ከስድብ ይልቅ ያቺ ቃል ነበረች የከበደችን።

የመጀመሪያው ቀን በልጆች ሳቅ አለፈ። ዝንጀሮ አንድ ጥቅል እንጀራ ነጥቆ ዛፍ ላይ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ሳላ አየን፤ ከፏፏቴው በታች አዞ አየን። ማታ ግን ጋሽዬ ከገበታው አንድ ጫፍ፣ እህቴ ከሌላው ጫፍ ነበሩ።

በማግስቱ ጋሽዬ "ፍል ውኃ እንሂድ" አለ። አባታችን ወገቡን ሲያመው በዘምባባ ወደተከበበው ፍል ውኃ ይዞን ይሄድ ነበር። ደረስን። ጋሽዬ ገና ጫማውን ከማውለቁ በካልሲው እግሩን ወደ ውኃው ዘረጋ። "ሞቃት ነው እንዴ? ምንም አይሰማኝም" ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ከሃያ ዓመት በላይ ስኳር ያለበት ሰው ፍል ውኃ "አይሰማኝም" ካለ የእግሩ ነርቭ ተጎድቷል ማለት ነው። እጁን ይዤ ጎተትኩት። "ካልሲህን አውልቅ" አልኩት። "ተይኝ" አለኝ። "እንደ እህት አይደለም የምጠይቅህ" አልኩት። ካልሲው ሲወልቅ ከአውራ ጣቱ ሥር የሃምሳ ሳንቲም ያህል ስፋት ያለው ቁስል አገኘሁ። እሱ መኖሩን አያውቅም ነበር።

ወደ ሎጇ መለስኩት። ከክፍሉ በረንዳ ላይ አስቀምጬ ጓንት አደረግሁና ጎንበስ ብዬ እግሩን ማጽዳት ጀመርኩ። ድሮ እናታችን ከመንገድ የገባ እንግዳ እግር ስታጥብ ያየ ሰው ያውቃል፤ እግሩ እጅህ ላይ ያለ ሰው አይዋሽም።

"የእማዬን እግር ማን ያጥብላት ነበር?" አለኝ።

"እህትህ።"

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ተናገረው። ያን ጊዜ የጥገኝነት ጉዳዩ አልተወሰነም ነበር። ከአገር ቢወጣ መመለስ አይችልም፤ የወረቀት ጉዳዩ ያበቃል፤ ልጆቹም ሊሄዱለት አይችሉም። "እማዬ በሕይወት እያለች እንዳትጨነቅ ሥራ ነው ብዬ ዋሸሁ። ከሞተች በኋላ ደግሞ እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። የሞተችለትን ቀን ሌሊቱን ፓርኪንግ ነው የሠራሁት። ማንም 'እግዜር ያጽናህ' አላለኝም። የምነግረው ሰው አልነበረኝም።"

ቀና ስል እህቴ በሩ ላይ ቆማለች። አፍልታ ያቀዘቀዘችውን ውኃ በሳህን ይዛ መጥታ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደምትሰማ አላውቅም። ሳህኑን አስቀመጠችና ከጎኔ ተንበረከከች፤ እግሩን ደግፋ ያዘችልኝ። "ጋሽዬ፣ ለምን አልነገርከንም?" አለችው። "አንቱ" ቀረ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እኛ ድንኳን ተጥሎልን፣ ዕድርተኛ ከቦን፣ ንፍሮ ተቀቅሎልን ስናለቅስ እናቱ የሞተችበት አንድ ሌላ ሰው ነበር። ለቅሶ አልደረሰም ብለን አሥራ አንድ ዓመት ተቀየምነው። እኛም ለእሱ ለቅሶ አልደረስንም።

ያን ማታ ደረስነው። ከእራት በኋላ ወንበሮቹን ወደ ውጭ አወጣን። መብራት አልነበረም፤ ኮከብ ግን ነበር። አንድ በአንድ እየተነሳን ጋሽዬን አቅፈን "እግዜር ያጥናህ" አልነው። አለቀሰ። ድምፁን ከፍ አድርጎ "እማዬ" እያለ አለቀሰ። አራብሳ ቢሆን ኖሮ ጎረቤት ይሰበሰብ ነበር። እዚያ ከሰማን ጅቡ ብቻ ነው። እህቴ የእናታችንን የመጨረሻ ቀናት አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ልጆቻችን ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር፤ አያታቸውን ያወቋት ያን ሌሊት ነው ማለት ይቻላል።

በማግስቱ ሲመሽ ጋሽዬን በቀጥታ ወደ ሐኪም ወሰድኩት። ቁስሉ አጥንት አልነካም ነበር፤ ጊዜ ወስዶ ዳነ። ስኳር ያለበት ዘመድ ያላችሁ አንባብያን ይህን አደራ ያዙልኝ፦ በየቀኑ የውስጥ እግሩን ይመልከት፣ ካልቻለ እናንተ እዩለት። የውኃ ሙቀት በእግር አይለካም፣ በክርን ነው። በባዶ እግሩ አይሂድ፤ ቤት ውስጥም ቢሆን።

በ2016 ዓ.ም. ደግመን ሄድን። በ2017 ዓ.ም. ግን የፈንታሌ አካባቢ መሬት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ንዝረቱ አራብሳ ድረስ መጥቶ ሌሊት በነጠላ ደረጃውን የወረድንበት ቀን አለ። በአዋሽና በመተሐራ ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። የእኛ መሰብሰቢያ ማጣት ከእነሱ ጋር አይነጻጸርም። ያን ዓመት "ዘንድሮ ይቅር" ስል የደወለችልኝ እህቴ ናት። "አራብሳ እንሁን፤ ጋሽዬ ትኬት ቆርጧል" አለችኝ።

መጡ። ሶፋው እንደተለመደው አልበቃም። ጋሽዬ አራተኛ ፎቅ እያለከለከ ደርሶ በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ፤ ሳልጠይቀው ካልሲውንም አወለቀና እግሩን ዘረጋልኝ። እህቴ ከእኔ ቀድማ ጎንበስ ብላ አየችው።

"ንጹሕ ነው፤ ግባ" አለችው።