ስለ አሮጌ የጭነት አውቶሞቢልና ራሱ ስለሚለወጥ ማርሽ

በአሜሪካ አገር ዕድሜያቸው የገፋ የቤተ ሰብ አባቶች አንድ ልዩ ፍቅር አላቸው፤ እርሱም ከሰባ ዓመት በፊት የተሠራ የጭነት አውቶሞቢል ገዝቶ በጓሮ አቁሞ፣ እንደገና በመንገድ ላይ ለማስኬድ ማሰብ ነው። ማሰብ ያልነው በምክንያት ነው፤ የሚታሰበው ብዙ ሲኾን ከጓሮ የሚወጣው ጥቂት ነውና። እኛም በዚያ አገር ስንኖር ጎረቤታችን ከነበሩት ሽማግሌ ጋራ፣ በ1954 (ዓመቱ ኹሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በተሠራች አንዲት የጂ ኤም ሲ አነስተኛ የጭነት መኪና አጠገብ ብዙ ቅዳሜ ቆመን ተነጋግረናል።

የዚች መኪና ክብር በሞተሯ ሳይኾን ሀይድራማቲክ በሚባለው ማርሿ ነው። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ኩባንያ ይህን ማርሽ በኤርል ቶምሰን መሪነት አሠርቶ፣ በ1940 ሞዴል በኦልድስሞቢል አውቶሞቢል ላይ ለሕዝብ አቀረበ። ፍሪሲዮን የሚረገጥበት የለውም። (ፍሪሲዮንም ማርሽም ካምቢዮም የሚሉትን ቃላት ከኢጣልያኖች የወረስን ስለ ኾነ፣ ፍሪሲዮን የማይረገጥበትን መኪና ለአገራችን ነጂ ማስረዳት እንደሚያስቸግር የሞከረው ያውቀዋል።) በውስጡ ክንፍ ያላቸው ሁለት መዘውሮች በዘይት ተከበው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ በሞተሩ ኃይል የሚዞረው ዘይቱን ሲገፋው፣ ዘይቱ ደግሞ ሁለተኛውን ያዞረዋል። አራቱን ፍጥነት የሚያፈራርቀው የነጂው እጅ ሳይኾን የዘይቱ ግፊት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኤም 5 በተባለው ቀላል ታንክ ውስጥ ሁለት የካዲላክ ሞተሮች ከየሀይድራማቲካቸው ጋራ ገብተው ስላገለገሉ፣ ኩባንያው ከጦርነቱ በኋላ በጦር ሜዳ የተፈተነ ማርሽ ነው እያለ ሸጦታል።

ሽማግሌው ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ፍጥነት ሲያልፍ መኪናዪቱ ተሳፋሪውን ከወንበሩ ላይ ነቅነቅ ታደርገዋለች፤ እርሳቸው ግን ይህን እንደ ጉድለት ሳይኾን እንደ ወዳጅ ሰላምታ ይቈጥሩት ነበር። ባትሪ የደከመ እንደ ኾነ እንኳ ያለ ሐሳብ ነበር፤ ማርሹ ሁለት የዘይት ፓምፕ ስላለው፣ አንዱም በመንኰራኵሮቹ መሽከርከር ስለሚሠራ፣ መኪናዪቱን ሰው ቢገፋት ወይም ሌላ መኪና ቢጐትታት ትነሣለች። የዛሬዎቹ አውቶማቲክ መኪናዎች ይህን አያደርጉም። በዘይቱም ውስጥ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የዓሣ ነባሪ ዘይት ይደባለቅ ነበር፤ ይህንንስ ስንሰማ ለጊዜው ተረት መስሎን ነበር።

ክርክሩ የተነሣው ልጃቸው ይህን ማርሽ አውጥቶ በዘመናዊ ለመተካት ባሰበ ጊዜ ነው። ምክንያቱ መጥፎ አልነበረም፤ አዲሱ ቤንዚን ይቈጥባል፣ መለዋወጫውም በየሱቁ ይገኛል። አባትዮው የግራ ጉልበታቸው ታሞ ፍሪሲዮን መርገጥ ከተውአቸው ቈይቷል፤ ስለዚህ ልጁ «ያም ኾነ ይህ አባባ፣ እግርዎ ያርፋል» ይላቸው ነበር። እርሳቸው ግን መኪናዪቱን መንዳት ብቻ አልነበረም የሚሹት። ሀይድራማቲክን ፈትቶ የሚገጥም ሰው በከተማው አልቆ እርሳቸው ብቻ ቀርተው ነበርና፣ ማርሹ ከወጣ ለልጃቸው የሚያስተምሩት ነገር አብሮ ይወጣል።

የሽማግሌው ባለቤት ሌላ ነገር አሰቡ፤ እኛም ከኹሉ ይልቅ የእርሳቸው ፍርድ ትክክል መስሎን ነበር። በዚች መኪና መሪ ላይ ያለው የማርሽ ምልክት የመቆሚያ ቦታ የለውም፤ ማቆም የፈለገ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ ማርሹን በኋላ መሄጃው ላይ መተው አለበት። ይህም የኋላ መሄጃ በመጨረሻ፣ ከዝቅተኛው ፍጥነት አጠገብ ተቀምጧል፤ ወደ ፊት እሄዳለሁ ያለ ሰው ጥቂት ቢስት ወደ ኋላ ይሄዳል። በወደ ፊቱና በኋላው መካከል ባዶ ማርሽ እንዲኖር የአሜሪካ መንግሥት ያዘዘው ከ1968 ጀምሮ ነው። በዚያ ግቢ ደግሞ አራት የልጅ ልጆች ይሯሯጡ ነበር። ስለዚህ ወይዘሮዋ የመኪናዪቱን ቁልፍ ወስደው በማድ ቤታቸው ሰቀሉትና፣ «ማርሹ ይቅር፤ ነገር ግን ልጆቹ ቤት ሳይገቡ ሞተር አይነሣም» አሉ። ባልየውም ልጅየውም መልስ አላገኙም።

ከዚህ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ልጁን በጀርባው ተኝቶ ከመኪናዪቱ ሥር አገኘነው፤ አባቱ በወንበር ተቀምጠው በከዘራቸው እያመለከቱ የቱን ቡሎን ስንት ጊዜ ማዞር እንደሚገባ ይነግሩታል፤ እርሱም በየጥቂቱ ወጥቶ በዘይት በቈሸሸ እጁ በደብተር ይጽፋል። መኪናዪቱ በዚያ ቀን አልተነሣችም፤ ወይዘሮዋ ግን ለሦስታችንም ቡና አፍልተው ላኩልን።