የአምስት ቀን ድርሻ

እናትን ማወደስ አይከብደንም። ዘፈኑም ግጥሙም ሞልቷል። እኔ ግን የምዕራብ ሐረርጌ እናት ልጇን ምን ያህል እንደምትወድ ለማወቅ የምጠይቀው፣ በወር ስንት ቀን ድንጋይ እንደተሸከመች ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት፣ ችግረኛ ቤተሰብን እያሠራ የሚረዳው ፕሮግራም፣ ሥራውን የሚያሰላው በነፍስ ወከፍ ነው፤ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን። ሕፃን አይሠራም፤ የእሱን ቀን የሚሠራለት ወላጁ ነው። በጭሮ፣ በዶባ ወይም በሚኤሶ ገጠር ባል የሌላት ሴት እርከን ስትሠራ፣ ቀኑን ብትከፋፍለው አምስቱ ለራሷ፣ አምስቱ ለታላቁ ልጇ፣ አምስቱ ለታናሿ ልጇ ነው። በኋላ የአንድ ሰው ሥራ በወር ከ15 ቀን እንዳይበልጥ መወሰኑ መልካም ነበር። እስከዚያ ድረስ ልጅ በበዛ ቁጥር ድንጋዩም ይበዛ ነበር።

በ2008ቱ የኤል ኒኞ ድርቅ በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ሲጠብቅ፣ ምዕራብ ሐረርጌ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ክንዱ ተለክቶ ለከሳው ሕፃን የሚሰጠው ፕላምፕኔት የተባለው ምግብ ቤት ሲደርስ ለወንድምና ለእህት ይካፈላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትቆጣለች፤ ልጁ ሳያገግም ተመልሶ ይመጣባታልና። ግን እናቲቱ ሌሎቹ ልጆቿ ዓይን ዓይኗን እያዩ አንዱን ብቻ እንዴት ታብላ?

ከተማ ያለችው እናት ደግሞ በጫት ትተዳደራለች። ከጨርጨር ደጋ፣ ከገለምሶና ከበዴሳ አካባቢ የሚመጣው ጫት ሳይጠወልግ መሸጥ አለበት፤ ስለዚህ በኮባ ጠቅልላ፣ ውኃ እያርከፈከፈች መንገድ ዳር ትቀመጣለች። ደብተሩም ኩራዙም ከዚያ ነው የሚገኘው። ልጇ እንዲቅም ግን አትፈልግም። ከሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሰው ልጅ የምትሸጠውን ማታ ለራሷ ልጅ ትከለክላለች። ልጁም ጫት ሲጭን የዋለ እኩያው ኪሱ ውስጥ ብር ሲቆጥር እያየ ነው የሚያድገው፤ ለእሱ ትምህርት ቤት ሩቅ፣ ገበያ ቅርብ ነው። አንዳንዱ ከዚያም አልፎ የጅቡቲን የስደት መንገድ ያስባል። መንገዱን አይቼ ልጁን አልወቅሰውም፤ እሷንም ስለ ንግዷ የሚወቅሳት ካለ ሌላ ምን እንድትሸጥ እንደሚፈልግ ይንገረኝ።

የገጠሯም የከተማዋም እናት ስለት ትሳላለች። ክርስቲያኗ የታኅሣሥ 19 ተጓዥ በጭሮ ወደ ቁልቢ ሲያልፍ፣ ሙስሊሟ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚሄዱ ጎረቤቶቿን ስትሸኝ፣ የሚለምኑት አንድ ነው፤ ልጄን አድንልኝ፣ ለወግ ለማዕረግ አብቃልኝ። ይህን ልመና አከብረዋለሁ። ተስፋዋ እዚያ ብቻ ነው የሚሉትን ግን አልቀበልም። ተስፋዋ ሒሳብ አለው፤ ሒሳቡ የሚሰበረውም ክረምት ላይ ነው።

የሴፍቲኔቱ ሥራና ክፍያ ከጥር እስከ ሰኔ ነው። የሐረርጌ ማሽላ ደግሞ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት ተዘርቶ የሚሰበሰበው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ጎተራው ባዶ ነው፤ ክፍያውም ቆሟል። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በዚሁ መሐል፣ መስከረም ላይ ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ጫማ ሁሉም ጎተራው በተራቆተበት ሳምንት ይጠየቃል። ፍየል ካላት ትሸጣለች፤ ከሌላት ከልጆቿ አንዱን ማስቀረት ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የምትቀረው ሴቷ ናት፣ ውኃ ልትቀዳ፣ ታናናሾቿን ልትይዝ። እናቲቱ ይህን የምትወስነው ሴት ልጇን ስላልወደደች አይደለም። በስድስቱ የክፍያ ወሮች ላይ አንድ የመስከረም ክፍያ ቢጨመር፣ ሴት ልጇን ለማስቀረት የምትገደድበት ቀን ባልመጣ ነበር።