የዘበኞች አለቃ

ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ መቅጠንና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ማነስ ብዙ ተጽፏልና፤ አንባቢ ሆይ፤ እኔ በበኩሌ ከመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ጋር ሁለት ሳምንት ስላከራከረን ነገር ልጽፍ ነው።

ፋየርዎል ማለት በኔትዎርክ በር ቆሞ ወጪና ገቢውን የሚፈትሽ ዘበኛ ነው። ዘበኛው አንድ ሲሆን ማዘዝ ቀላል ነው፤ ሃያ ሲሆኑ ግን እየዞሩ «ይህን አሳልፍ፤ ያን ከልክል» ማለት ከማሰልቸቱም በላይ አንዱ ሰምቶ ሌላው ሳይሰማ ይቀራል። ስለዚህ አለቃ ይሾምላቸዋል። ፎርቲኔት የተባለው ኩባንያ ለራሱ ፋየርዎሎች የሠራው አለቃ ፎርቲማኔጀር ይባላል። ይህም አለቃ የግድ የብረት ሣጥን መሆን የለበትም፤ በሌላ ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ የሚኖር ቨርቹዋል ማሽን ሊሆን ይችላል። እኛም በክበባችን ላቦራቶሪ፤ ለጥቂት የልምምድ ዘበኞቻችን፤ በሊኑክስ ላይ ልንተክለው ተነሣን።

ማደሪያውን የሚሰጠው ኬቪኤም ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ከሊኑክስ ከርነል 2.6.20 ጀምሮ አብሮ ስለሚገኝ ገንዘብ አይጠይቅም። ሥራውም የተፈራውን ያህል አይደለም። የታሸገው ፋይል ሲፈታ አንድ የዲስክ ምስል ይወጣል፤ በቪርት ማኔጀር አዲስ ማሽን ከፍቶ ይህን ዲስክ ማስያዝ፤ ለማከማቻ ሁለተኛ ዲስክ መጨመር፤ ከዚያም ማስነሣት ነው። መጀመሪያ ሲነሣ ስሙ አድሚን ነው፤ የይለፍ ቃል የለውም። (የዘበኞች ሁሉ አለቃ ያለ ቁልፍ መወለዱ ገርሞኛል።) የይለፍ ቃል ከተሰጠው፤ ለፖርት1 አድራሻና የመውጫ መንገድ ከተጻፈለት በኋላ የቀረው በብራውዘር ነው።

ጠባችን የመጣው ከኔትዎርኩ ነው። ሊብቨርት ካልተነካ የሚሰጠው ኔትዎርክ «ናት» ይባላል (ማን እንደ ሆነች አይነገርም)፤ ማሽኑ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ከውጭ ማንም አስቀድሞ አይደርስበትም። ድልድይ ከተሠራለት ግን እንደ ማንኛውም ኮምፒዩተር በኔትዎርኩ ላይ ይቆማል። ዘበኞቹ አለቃቸውን የሚያነጋግሩት በቲሲፒ ፖርት 541 ነውና ድልድዩ እንደሚያስፈልግ ተስማማን። ጓደኛዬ ግን ከዚያ አልፎ፤ «ቤቴ ሆኜም እንድሠራበት ለኢንተርኔት እንክፈተው» አለ።

እኔም የ2024ቱን አስታወስኩት። ፎርቲኔት ራሱ በዚያ ዓመት በኦክቶበር ወር በይፋ እንደ ገለጸው፤ አለቃውና ዘበኞቹ በሚነጋገሩበት አገልግሎት ላይ ማንነትን ሳያረጋግጥ የሚያሳልፍ ጉድለት ተገኝቶ ነበር፤ ክብደቱም ከ10 9.8 ተብሎ ተመዘነ። ማንዲያንት የተባለው የደኅንነት ድርጅት ሲመረምር ጥቃቱ ከጁን 27 ቀን ጀምሮ መታየቱን አስታወቀ። የተወሰደውም የአለቃው ንብረት ብቻ አልነበረም፤ በሥሩ ያሉት ዘበኞች አደረጃጀት፤ የተጠቃሚዎቻቸው ስምና የተመሰጠረው የይለፍ ቃላቸው ጭምር ነበር። ሌባው በየበሩ ማንኳኳት ለምን ያስፈልገዋል?

«ጉድለቱ እኮ ተጠግኗል» አለኝ። እውነቱን ነው። የኔ ነገር ግን ስለ ጥገናው አልነበረም፤ የሁሉም በር ትእዛዝ ባንድ ክፍል ከተከማቸ ያ ክፍል በአደባባይ አይሠራም ባይ ነኝ። ደግሞም አለቃው ራሱ የሌላ ማሽን ጥገኛ ነው፤ የሊኑክሱን ሩት የያዘ ሰው ዲስኩን እንደ ማንኛውም ፋይል ቀድቶ መሄድ ይችላል። ታዲያ ይህ ቁልፍ በስንት ሰው እጅ ነው ብለን ብንቆጥር ስድስት ሆነ፤ ሁለቱ ተመርቀው ወጥተዋል!

በመጨረሻ አስተዳደሩ በተለየ ቪላን ላይ እንዲቀመጥ፤ ያልታወቀ መሣሪያ እንዳይመዘገብ የሚከለክለው ትእዛዝ እንዲበራ፤ ከውጭ የሚመጣም በቪፒኤን ብቻ እንዲገባ ተስማማን። ጓደኛዬ ቪፒኤኑ ይዘገያል እያለ እስካሁን ያጉረመርማል። የተመረቁትን የሁለቱን ቁልፍ የሰረዘው ግን እሱ ራሱ ነው።